ቺንጊያው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም

ማንጋፍ እያለሁ አንድ ቀን የገሳላው ሞተር ይጮኻል፣ በርሜሉ ግን አይዞርም። ማዳም «ሰበርሽው፣ ከደሞዝሽ ይቆረጣል» አለችኝ። እኔ ያገሬ ወፍጮ ቤት ትዝ አለኝ፤ ቺንጊያው ሲወልቅ ሞተሩ ይጮህ ነበር፣ ድንጋዩ ግን ዝም። ሶኬቱን ነቅዬ «ሠራተኛ ጥሪና ይየው» ብዬ ለመንኳት። ሰውየው ከኋላ ሲከፍተው ቺንጊያው ተበጥሷል። «አርጅቶ ነው» አላት። ደሞዜ ተረፈ።

ለካ የሞተሩ ትንሿ ፑሊ ብዙ ዞራ የበርሜሉን ትልቅ ፑሊ አንዴ ነው የምታዞረው፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጉልበቱ ይጨምራል። በብርድ ልብስ ስናጭቀው ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይበላል።

እህቶቼ፣ የተቃጠለ ጎማ ከሸተታችሁ አጥፉት። ሶኬት ሳትነቅሉ እጅ አታስገቡ። ሳትሰብሩም «ሰበርኩ» አትበሉ።