ውጭ አገር በታክሲ

መቼም የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ በሕይወቱ አንዴ «ውጭ ልወጣ ነው» ያላለ የለም። ዲቪ የሞላ አለ፣ ስፖንሰር የሚያፈላልግ አለ፣ ስኮላርሺፕ የሚያሳድድ አለ፣ ምንም ሳይሞላ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» እያለ አምስት ዓመት የኖረም አለ። እኛም ሦስታችን ወጉ ደርሶን ወጣን። አንዳችን ሰበታ፣ አንዳችን ቡራዩ፣ አንዳችን ሱሉልታ!

አትሳቁ፣ የምራችንን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጓደኛችን በስልክ የሚያወራንን የስደት ወሬና እኛ የምናወራለትን ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ልዩነቱ የአውሮፕላን ትኬቱ ነው። «ወረቀቴ አላለቀም» ይለናል፤ የእኛም አላለቀም። «ቢሮ ስገባ ቋንቋው ያንቀኛል» ይላል፤ እኛንም ያንቀናል። እሱ ለድሮ ሰፈሩ እድር ብር ይልካል፤ እኛም እንልካለን። ሲሄድ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር፤ ይኸው ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። እኛም ከአዲስ አበባ ስንወጣ ያልነው «ኮንዶሚኒየሙ እስኪደርስ ድረስ» ነበር።

አገሩን ለማታውቁ፦ ሰበታ በጅማ መንገድ ከአየር ጤና ወዲያ ናት። ቡራዩ አስኮን አልፋችሁ በአምቦ መንገድ። ሱሉልታ ደግሞ ከአዲሱ ገበያ ተነስታችሁ የእንጦጦን ሰንሰለት ስትሻገሩ ከተራራው ጀርባ በጎጃም መንገድ የተዘረጋችው ሜዳ ናት። ታክሲው ሳይቆም ይገባል፤ ቪዛ የሚጠይቅ የለም። አስተዳደሩ ግን ተቀይሯል፤ ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ኦሮሚያ ገብታችኋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱም ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ስለተባሉ ዛሬ የምንኖረው በ12 ክፍለ ከተሞች በተከፋፈለ አንድ ቀለበት ውስጥ ነው። እናቶቻችን ግን አሁንም «ቡራዩ ገባች»፣ «ሱሉልታ ገባ» ነው የሚሉት፤ ገዳም የገባን ይመስል።

ለምን ወጣችሁ ለሚለን ሰው መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ኪራይ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ደስ ይላል። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አንዴ የገባን ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ ገና በር ላይ ቆመን ከደላላ ጋር የምንከራከር ነበርን። የሰበታው ልጅ ደግሞ ሰፈሩ ካዛንቺስ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ደባል የነበረ ሰው ምትክ ቤት አይጠይቅም፤ ሻንጣውን ይዞ ዘመድ ነው የሚጠይቅ። ዘመድ ያለው አለም ገና ነበር። ከአለም ገና ሰበታ አንድ እርምጃ ናት።

ጥቅሙን እንናገር፣ ሐሜት ብቻ እንዳይሆን። አዲስ አበባ ለአንድ ሰርቪስ ክፍል በምንከፍለው ብር እዚህ ሁለት ክፍል ከነግቢው እናገኛለን። ግቢ! ልብስ የሚሰጣበት፣ ልጅ የሚሮጥበት፣ ጎመን የሚተከልበት። የሱሉልታው ልጅ ወተት ከላሟ ባለቤት እጅ ይገዛል፣ ገና ሳይቀዘቅዝ። ማለዳ ከመስኮቱ ሲያይ ደግሞ አትሌቶች በጉም ውስጥ ያልፋሉ። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ዓለም ለልምምድ የሚመኘው ቦታ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው እዚያ ነው፣ ሞ ፋራህ ሳይቀር ከእንግሊዝ እየመጣ የሮጠው እዚያ ነው። የእኛው ልጅ ግን በዚያ ሁሉ አየር መሃል ጋቢ ተከናንቦ ታክሲ ይጠብቃል። ብርዱን አትጠይቁን። በነሐሴ የታጠበ ካልሲ ሱሉልታ ላይ በሦስተኛው ቀንም አይደርቅም።

ታክሲ ካልን አይቀር እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ኑሯችን ግማሹ እዚያው ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር በምዕራብ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ቆመ። ከጦር ኃይሎች ወዲያ ያለነው በእግዚአብሔርና በወያላ እጅ ነን። የሚገርመው ሰበታ የራሷ ባቡር አላት! በመስከረም 2009 የተመረቀው የጅቡቲ መስመር የሚነሳው ከሷ ነው። የሰበታው ልጅ «እኔ እኮ ከሰፈሬ እስከ ቀይ ባሕር ሐዲድ አለኝ፤ ሜክሲኮ ለመድረስ ግን ሁለት ታክሲ እቀያይራለሁ» እያለ ይቀልዳል። (መንገደኛ የሚሳፈረው ፉሪ ለቡ መሆኑን እናውቃለን፤ ቀልዱን አናበላሽበት።) ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ለሁለት ሰዓት ሥራ ይደርሳል። ማታ ታክሲ ሲጠፋ ደግሞ የአስፋልቱ ታሪፍና የጨለማው ታሪፍ አንድ አይደለም። በሁለት አስተዳደር መሃል የምትሄድ ታክሲ ላይ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው እስካሁን አላየንም። ኪራይ ላይ ያተረፍነውን ብር መንገዱ ቀስ እያለ መልሶ ይወስደዋል፤ እንቅልፋችንን ደግሞ በወለድ።

ውሃውን የምታወራላችሁ የቡራዩዋ ልጅ ናት። የገፈርሳ ግድብ አጠገቧ ነው። ገፈርሳ አዲስ አበባን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያጠጣ የኖረ ውሃ ነው። እሷም ፒያሳ አካባቢ ስታድግ የጠጣችው እሱን ሳይሆን አይቀርም። አሁን ግድቡ ጎን መጥታ ስትኖር ቧንቧዋ በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ውጭ ጀሪካን፣ ሮቶ ያላቸውን ጎረቤቶች መለማመጥ፣ ቦቴ ሲመጣ መሮጥ ነው። አዲስ አበባ እያለች «ቡራዩ ውሃ የላቸውም አሉ» ሲባል ሰምታ ታውቃለች። ማን እንደሚጠጣው ግን ማንም አንስቶ አያውቅም ነበር።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ለሥራ፣ ለልጅ ምዝገባ፣ ለቆጣሪ፣ ለሁሉም መታወቂያ ያስፈልጋል። የእኛ ደግሞ የአዲስ አበባ ነው። የቡራዩዋ ልጅ አንድ ቢሮ ሄዳ ጉዳይዋን በአማርኛ ስታስረዳ ሠራተኛው በትህትና አዳመጣትና ቅጹን ሰጣት፤ በቁቤ የተጻፈ። ከላይ እስከ ታች የገባት አንድ ቃል «ወረቃ» የሚለው ነው፤ ያው ወረቀት መሆን አለበት ብላ። ሁለተኛ የተማረችው ቃል «ቦሩ ኮቱ» ነው። ነገ ነይ ማለት ነው። (ይህንን እንኳ በየትኛውም ቋንቋ ቢሉን እንረዳው ነበር፤ በአማርኛ ስንሰማው ያደግን ነና።) በሦስተኛው ቀን የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ሄደች። ልጅቷ ጎረቤት ከልጆች ጋር ስትጫወት ኦሮምኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። እናት ትናገራለች፣ ልጅ ታስተረጉማለች፣ ሠራተኛው ይስቃል፣ ጉዳዩ አለቀ። ይህንን ለሲልቨር ስፕሪንጉ ጓደኛችን ስንነግረው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። እናቱን ሊጠይቁት ሄደው ሐኪም ቤት ያስተረጎመላቸው የእሱ ልጅ ነበር።

እዚህ ላይ የምናምንበትን እንናገር። ቋንቋው መቸገራችን እውነት ነው፤ «ለምን በኦሮምኛ ይሠራል?» የሚለው የአንዳንድ ጓደኞቻችን ማማረር ግን አይገባንም። ሜሪላንድ ሄዶ ለምን በእንግሊዝኛ ይሠራል የሚል አበሻ አላየንም። ለእንግሊዝኛ የማታ ትምህርት ከፍለን የተመዘገብን ሰዎች ለኦሮምኛ ከጎረቤት አንድ ስኒ ቡና አጥተን ነው?

ቀላል አድርገን ያወራነውን ነገር የማያቀልል ጉዳይ ደግሞ አለ። በመስከረም 2011 በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት ሰዎች ተገድለዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን ጥለው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልለው ነበር። የቡራዩዋ ልጅ የተከራየችበት ሰፈር ስለዚያ መስከረም የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በ2015 ደግሞ ሸገር ከተማ ከተመሠረተ በኋላ ብዙ ቤት «ሕገወጥ ግንባታ» ተብሎ ፈርሷል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ዓመት መግለጫ አውጥቶበታል። ከፈረሱት ውስጥ የጨረቃ ቤት አለ፤ ከገበሬ ላይ በመንደር ውል ገዝቶ፣ መብራት አስገብቶ፣ ልጅ ወልዶ ዓመታት የኖረበት ሰውም አለ። ስለዚህ «መሬት ርካሽ ነው፣ ግዙ» የሚል ደላላ ሲደውልልን ስልኩን እንዘጋለን። ርካሽ ያደረገው ምን እንደሆነ ስለምናውቅ።

ሌላውም ወገን አለ። ከእኛ በፊት እዚህ መሬት ላይ ጤፍ የሚያበቅል ሰው ነበር። በሚያዝያ 2006 እና እንደገና በኅዳር 2008 አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ማስተር ፕላን ለማያያዝ የታሰበው ዕቅድ ያስነሳውን ተቃውሞ እናስታውሳለን። ሁለተኛው ከጊንጪ ተነስቶ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ብዙ ወጣት ሞተ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ቀረ። ያኔ እኛ አዲስ አበባ ሆነን ነገሩን እንደ ሩቅ አገር ዜና ነበር የሰማነው። ዛሬ የሱሉልታው ልጅ ያለበት ግቢ ባለቤት አዛውንት እርሻቸው የት እንደነበረ በጣታቸው ያሳዩታል፤ አሁን መጋዘን ነው። ካሳውን ምን እንዳደረጉት ጠይቋቸው ነበር። «በላነው» አሉት። እሳቸው በቀሪዋ ቦታ ላይ ሰርቪስ ሠርተው ያከራያሉ፤ እሱ ከከተማው ኪራይ ሸሽቶ ይከራያቸዋል። ማን ማንን አፈናቀለ ብሎ ለመከራከር ሁለቱም ጊዜ የላቸውም፤ ማታ አብረው ቡና ይጠጣሉ።

የቡራዩዋ ልጅ አከራይ ደግሞ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «አዴ» ነው የሚላቸው፣ እኛም እንደዚያው። አንድ እሁድ ሦስታችንን ቤቷ አግኝተውን «እናንተ የፊንፊኔ ልጆች፣ እዚህ የምትመጡት ለመተኛት ብቻ ነው እንዴ?» አሉን። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ከሁለት ቤት ወዲያ ሰው ሞቶ ድንኳን ተተክሎ ሦስት ቀን ሲለቀስ የቡራዩዋ ልጅ ሌሊት በድንኳኑ አጠገብ ወጥታ ሌሊት ስትገባ አይተዋት ነበር። «ነገ አንቺ ብትታመሚ ፒያሳ ያለው እድርሽ በየትኛው ታክሲ ነው የሚመጣልሽ?» አሏት። በሚቀጥለው ወር የሰፈሩ እድር ተመዘገበች። የፒያሳውንም አልተወችም፤ ሁለት ቦታ ትከፍላለች። እናቷ «መቀበሪያሽን አብዝተሻል» ብለው ተቆጥተዋታል።

አሁን ሦስታችንን የሚያከራክረን መሸኛ ነው። ለማታውቁት፣ መሸኛ ማለት የድሮ ወረዳችሁ መታወቂያችሁን ተቀብሎ «ይህ ሰው ከእኛ ዘንድ ለቅቋል» ብሎ ለአዲሱ አካባቢ የሚጽፍላችሁ ደብዳቤ ነው። ያለ እሱ የሸገር ነዋሪ አትሆኑም፤ ከወሰዳችሁት ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው አይደላችሁም። የሱሉልታው ልጅ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። በ2005 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመት በሞላው ሰሞን 20/80 ተመዝግቦ ቆጥቧል፤ ሲመዘገብ የተጠየቀው የአዲስ አበባ መታወቂያ ነው። በሐምሌ 2014 ወጥቶ የተሰረዘውን ዕጣ አይቷል፣ በኅዳር 2015 በድጋሚ የወጣውንም አይቷል፤ ስሙ ሁለቱም ላይ የለም። «ከዚህ ሁሉ በኋላ መታወቂያውን አስረክቤ ስሜ ቢወጣ ግድግዳ አልመታም?» ይላል። ልክ ነው እንላለን። ደግሞ የሰፈሩ መንገድና ውሃ ጉዳይ ስብሰባ ሲጠራ እንደ እሱ ያለው ተከራይ አይሄድም፤ በወረቀት የለማ! ሰፈሩ በሰው ሞልቶ በመዝገብ ባዶ ነው። ለባዶ መዝገብ ማን ቧንቧ ይዘረጋል?

የቡራዩዋ ልጅ መሸኛውን አውጥታ አስገብታለች። ምክንያቷን ስንጠይቃት ፖለቲካም ፍልስፍናም አላወራችም፤ ልጇ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከቤታቸው አምስት ደቂቃ ነው። አዲሱ መታወቂያዋ ሲመጣ ስሟ በቁቤ ሲጻፍ ሁለት ፊደል ረዝሟል። አዴ አይተውት «አሁን ሰው ሆንሽ» አሏት።

የሰበታው ልጅ አልወሰነም። ካዛንቺስ የነበረበት ቤት እንኳ የለም፤ መታወቂያው ላይ ያለው የቤት ቁጥር ዛሬ አስፋልት ይሁን የአበባ መትከያ አያውቀውም። ቢሆንም ኪሱ ውስጥ ነው። ባለፈው ሰሞን እንዲያው ለማወቅ ያህል ወረዳው ሄዶ መሸኛ ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቆ ነበር። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አይታው፣ «መውጫው የአንድ ቀን ሥራ ነው ወንድሜ፤ ለመመለስ ነው እንጂ» አለችው። አመስግኗት ወጣ፤ ታክሲ ይዞ ወደ አየር ጤና።