የበቀለ ልጅ በቮሮኔዥ

ቮሮኔዥ በገባሁ በማግስቱ ዶርሙ በር ላይ የሚቀመጡት አሮጊት ወረቀቴን አገላብጠው "ኦቼስትቮ?" አሉኝ። ያኔ ሩሲያኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ዝም ብዬ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ፈገግ አላሉም። (እዚያ የኖረ ያውቀዋል፤ ለማያውቁት ሰው ፈገግ ማለት "ይሄ ልጅ ምን ነካው?" ነው የሚያሰኘው።)

በኋላ አንድ ነባር ልጅ እንዳስረዳኝ የጠየቁኝ የአባቴን ስም ኖሯል። ሩሲያውያን ሰውን አክብረው ሲጠሩ ከስሙ ቀጥለው የአባቱን ስም ይጨምራሉ፤ ለወንድ "ኦቪች" ወይም "ኤቪች"፣ ለሴት "ኦቭና" ወይም "ኤቭና" ብለው። የቤተሰብ ስም ደግሞ ለብቻው አለ። የእኔ ፓስፖርት አባቴን በቤተሰብ ስም ቦታ ስላስቀመጠው የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆነ። ባቡሽካ ይሄ አልዋጥ አላቸው። "አባት የሌለው ሰው አለ እንዴ?" ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ "ቤኬሌቪች" አሉኝ። "ቀ" አትወጣላቸውም።

ሌላውን ቀስ በቀስ ለመድኩት። ደፍ ላይ ቆሞ መጨባበጥ ነውር መሆኑን፣ ሾርባው ሁሉ ላይ ስሜታና መደረጉን፣ ውጭ ከዜሮ በታች 20 ሆኖ ዶርም ውስጥ በካናቴራ መቀመጥን። ካፖርቴ ማንጠልጠያ ክር ስለሌለው የካፖርት ማስቀመጫዋ ሴትዮ ሰው ፊት የተቆጡኝን ግን አልረሳም።

የአበባው ነገር ይባስ ነበር። በማርች 8 ዋዜማ ለቋንቋ አስተማሪያችን አምስት ቱሊፕ ገዛሁ። ስወጣ ባቡሽካን አየሁና አንዱን ለእሳቸው ሰጠሁ። አስተማሪዋ አራቱን ተቀብለው አመሰገኑኝ፤ ከዚያ አንዱን ለብቻው አውጥተው መስኮቱ ላይ ብርጭቆ ውስጥ አኖሩት። ክፍሉ ሳቀ። ሩሲያ ውስጥ ለሕያው ሰው አበባ የሚሰጠው ጎዶሎ ቁጥር ሆኖ ነው። ሙሉ ቁጥር የሙታን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ አራት የእኛ ልጆች በሬን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ዶርሙ እንግዳ አያስገባም። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ።

አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። እህቴ በየቀኑ ስደውል "ተኝቷል፣ ነገ ታገኘዋለህ" ትለኝ ነበር። በዚያ ዘጠኝ ቀን ውስጥ እኔ ሲኒማ ገብቻለሁ፣ በቴሌግራም ቀልድ ልኬለታለሁ። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ደግነቱም አይጠፋኝም። ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ግን ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ከእህቴ ጋር ይሄን ወሬ አናነሣውም። ቀብሩ አልፏል፣ ለትኬት የሚሆን ገንዘብም አልነበረኝም። ልጆቹ ሦስት ቀን አብረውኝ አደሩ። ከዚያ ፈተና ደረሰ፣ ሁሉም ወደየትምህርቱ ሄደ።

ባቡሽካ በዚያው ጠዋት መቼ እንዳረፈ ጠይቀውኝ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጥረው ነበር። "ዘጠነኛው ዛሬ ነው" አሉና የጠረጴዛቸው ካሌንደር ላይ ሌላ ቀን አከበቡ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ታኅሣሥ ላይ ተረኛ ባልነበሩበት ቀን ክፍሌ ድረስ መጡ። ሁለት ቀይ ካርኔሽንና በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዘዋል። አርባው ነበር። የእኔው አርባ ቀን በእሳቸውም አገር እንደሚቆጠር አላወቅኩም። ድስቱ ውስጥ ማርና ዘቢብ የገባበት የተቀቀለ ስንዴ አለ፤ ኩቲያ ይሉታል። እኔ "ንፍሮ" አልኩ። እዝን ቤት የምንቀምሰው ንፍሮ ማር ተጨምሮበት ነው።

ስልኬ ላይ ያለውን የአባቴን ፎቶ ከአበባው አጠገብ አቆሙትና ስሙን ጠየቁኝ።

"በቀለ" አልኳቸው።

"እሱንማ አውቃለሁ" አሉ፤ "ደግመህ በልልኝ፣ በትክክል ልጥራው።"

ደግሜ ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ "ቀ" እንደ ልማዷ እምቢ አለች። ከዚያ ሦስት ጊዜ አማትበው ማንኪያ ሰጡኝ። ቡና አፈላሁላቸው፤ መራራ ነው ብለው ብዙ ስኳር ጨመሩበት። ሲጨርሱ ድስቱን ነገ አጥቤ እንድመልስ፣ መስኮቱንም እንዳልከፍት አስጠንቅቀውኝ ወረዱ። ትንሽ ቆይቶ ካርድ ረስቶ የመጣ አንድ ልጅ ላይ ሲጮኹ ከታች ተሰማኝ፤ ተረኛ እንኳ ሳይሆኑ።