ቁመቱን አይቼ መረጥኩ… ተሸወድኩ!

ዛሬ የፍቅር ጉዳይ ይዤ አልመጣሁም። ቅር አይበላችሁ፣ መጨረሻ ላይ እሱንም መንካታችን አይቀርም። የዛሬው ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። የፊታችን እሁድ ጠዋት ሁለት የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ፊቴ ይቆማሉ። ለአንዱ «ገብተሃል»፣ ለሌላው «ለዘንድሮ አልሆነም» ማለት አለብኝ። በሰፈራችን የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ደሞዝ የለው፣ አበል የለው፤ ያለው ንትርክና የጉሮሮ መድረቅ ብቻ ነው። የቀረችን ማልያ ደግሞ አንዲት ናት።

አንደኛው ልጅ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ትከሻው የጎልማሳ ነው። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ግን የሰው ዕቃ የያዘ ይመስል ይጨነቃል። ሁለተኛው ሚጢጢ ነው። ማልያ ሲለብስ የታላቅ ወንድሙን ያጠለቀ ይመስላል። ኳስ ግን ታውቀዋለች። ሦስት ልጆች ከበውት እንኳ እንዴት እንደሚወጣ ሳታዩት ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስጨንቃል? ችሎታ ያለውን መውሰድ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ቀስ በሉ! እኔ በዚህ ጉዳይ በሁለቱም በኩል ተቃጥያለሁ። አንዴ ቁመት አይቼ፣ አንዴ ደግሞ ችሎታ አይቼ። እስኪ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ራቤል ነው። ሰሜን ሸዋ፣ ግሼ። የመንዝን ደጋ የረገጠ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ሰዉ ባናውን ተከናንቦ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃል። ያንን ብርድ የሚያስረሳን አንድ ነገር ነበር፤ ገና! በዓሉን ብቻ አይደለም የምላችሁ፣ ጨዋታውን ነው።

ገናን ተጫውታችሁ ለማታውቁ የከተማ ልጆች ባጭሩ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች ጫፏ የቆለመመ ዱላ ይይዛል። ጥንጓ ከጠፍር የተጎነጎነች ድብልብል ናት፤ ከእንጨት የምትሠራም አለች። ሜዳው ገላጣ መስክ ነው። ሁለት ቡድን ሆኖ ጥንጓን እየመቱ ከተቃራኒው ወገን ዳር ማሳለፍ ነው ጨዋታው። እየተጋፉ፣ እየተላተሙ! ዱላ ቁርጭምጭሚት ላይ ማረፉ የተለመደ ነው። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን አይቆጣም የሚባለው ለዚህ ነው። የመታህ ሎሌህ ይሁን ጎረቤትህ፣ እግርህን አሽተህ መቀጠል ነው እንጂ ማዕረግ ቆጥሮ መኮሳተር የለም።

የ1989 ዓ.ም. ገና ዕለት እኔ የቡድን አባት ነበርኩ። አመራረጣችን እንዲህ ነበር። እኩያ እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች ፈንጠር ብለው ይንሾካሸኩና ለየራሳቸው የምስጢር ስም ያወጣሉ። ከዚያ መጥተው «ከወርቅና ከብር?» ይሉሃል። «ወርቅ» ካልክ ወርቅ የተባለው ያንተ፣ ብር የሌላው አባት ይሆናል። ዕድል ነው፤ ማንም ማንንም አያማም። በዚያ ቀን ግን መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ልጆች ጭራሽ እኩያ አልነበሩም። አንዱ ግንድ የሚያህል ወጠምሻ፣ ሌላው አብሮ አደጌ፣ ቀጭን፣ አጭር፣ ሲያዩት ነፋስ የሚወስደው የሚመስል። «ስም ማውጣት አያስፈልግም፤ አንተ በዓይንህ ምረጥ» ተባልኩ።

እንግዲህ አስቡት! ያ ቀጭኑ ልጅ ከብት ስንጠብቅ ጥንግ አየር ላይ እያለች በዱላው አቁሞ መሬት ሳትነካ መልሶ ሲመታት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በዓይኔ! ግን ፊት ለፊቴ የተሰለፉትን የተቃራኒ ቡድን ጎረምሶች ሳይ ፈራሁ። «ዛሬ የሚያዋጣው ትከሻ ነው» አልኩና ወጠምሻውን ወሰድኩ። ለአብሮ አደጌ ምንም አልነገርኩትም። ዓይኑን እንዳላይ ዞር አልኩ። እሱም ዱላውን ይዞ ወደዚያኛው ቡድን ሄደ።

መጀመሪያ ላይ ምርጫዬ ያኮራኝ ጀምሮ ነበር። ወጠምሻው ሰው እንደ ገለባ እየበተነ ሁለት ጊዜ ጥንግ አሳለፈልን። አብሮ አደጌን ደግሞ አንዱ ጎረምሳ ቅልጥሙን ብሎት ሲወድቅ አየሁ። «አለቀለት» አልኩ በሆዴ። ልጁ ተነሣ። እያነከሰ ተመለሰና ያችኑ የተመታባትን ጥንግ ነጥቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ የኛው ወጠምሻ በተራው አንድ ዱላ ቀመሰ። ምን አደረገ መሰላችሁ? ተቀመጠ። «ሆን ብሎ ነው የመታኝ» እያለ ሽማግሌዎቹን መክሰስ ጀመረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ደክሞ ዱላውን ሲጎትት፣ ያ ቀጭን ልጅ ብቻ ይሮጥ ነበር። ሁለት ለሁለት ከሆንን በኋላ የመጨረሻዋን ያሳለፈው እሱ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ማታ ጠላው ጎሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

አጎቴ ሜዳው ዳር ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ከብት በማወቅ አገር ያከበራቸው ሰው ናቸው። እንዲህ አሉኝ፦ «ስማ ልጄ! የወይፈን ቁመትማ ለገበያተኛው ሁሉ ይታያል። አንተ ማየት ያለብህ ማረሻው ድንጋይ ሲይዘው የሚያደርገውን ነው። አንዱ እዚያው ይተኛል። አንዱ ግራ ቀኙን ሞክሮ ይስባል።»

ይህን ምክር ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ግን ግማሹን ብቻ ነበር የያዝኩት። ከዓመታት በኋላ የሰፈር ቡድን ማሠልጠን ስጀምር «ትንሽ ያልኩት ልጅ ጉድ ሠርቶኛልና ከእንግዲህ ችሎታ ብቻ!» ብዬ ማልኩ። በአንድ የሰፈሮች ውድድር ፍጻሜ ላይ ደረስን። ተጋጣሚዎቻችን በቁመትም በጉልበትም የሚበልጡን ነበሩ። እኔ ታዲያ ከልጆቼ ሁሉ ትንሹንና ጎበዙን ወስጄ ብቻውን ፊት ላይ አቆምኩት። ከኋላ ረጃጅም ኳስ እየጠለዝን ከሁለት ግዙፍ ተከላካዮች ጋር አናታገልነውም መሰላችሁ? በሃያኛው ደቂቃ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ።

እናቱ ሆስፒታል ሲያገኙኝ አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። የገጠር ሰው ናቸው፤ ረጋ ብለው «ጋሼ፣ ለጋ ወይፈን ከጎልማሳ በሬ ጋር ያጠምዳሉ እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ ችሎታ አላነሰውም፣ ወኔም አላነሰውም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ችሎታው የማይሠራበት፣ ቁመቱ ብቻ የሚጠየቅበት ቦታ ላይ አቆምኩት።

ባለፈው ገና ማታ ስልኬ ጮኸ። ያ አብሮ አደጌ! ዛሬ ኑሮው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ነው። የሁለቱን ልጆች ጉዳይ ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ፣ እዚህም እኮ ራስ ምታቱ ይኸው ነው» አለኝ። እዚያ አገር በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ፤ በቴሌቪዥን ሳታዩት አትቀሩም። ቆልማማ ዱላ፣ መላተም፣ መጋፋት… ከጫማው ብረትና ከበረዶው በቀር የኛው ገና ማለት ነው! ትላልቆቹ ክለቦች በየዓመቱ ከወጣቶቹ መካከል በየተራ ይመርጣሉ። «ከወርቅና ከብር» የለም፤ እንደኔ በዓይን ነው።

መራጮቹ ግዙፍ ልጅ የሚወዱት ዝም ብለው አይደለም። ዋንጫውን ለማንሣት በጥሎ ማለፉ አራት ዙር አልፎ 16 ጨዋታ ማሸነፍ የግድ ነው። ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ብቻ እስከ ሰባት ጊዜ ትጋጠማለህ። በየቀኑ የሚጋጭ ገላ ያልቃል፤ ትልቅ ገላ ደግሞ ብዙ ይችላል። ግን ስሌቱ ስንቱን ጉድ አደረገው! እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የኒው ዮርክ ክለብ 1 ሜትር ከ98 የሚሆን አጥቂ በ12ኛ ደረጃ መረጠ። ልጁ በዚያ ሊግ በዕድሜው የተጫወተው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት 45ኛ ሆኖ የተመረጠው ፓትሪስ በርዠሮን ለቦስተን ከ1,200 በላይ ጨዋታ ተጫወተ፣ ዋንጫም አነሣ። የወዳጄ ከተማ ክለብ ካልጋሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ቲዮ ፍሉሪን ሲወስድ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 አካባቢ ስለነበር 165 ልጆች ቀድመውት ተመርጠው ነበር። በሁለት ዓመቱ ዋንጫ አነሣ። ማርቲን ሴንት ሉዊስን ደግሞ ጭራሽ ማንም አልመረጠውም። እሱም እ.ኤ.አ. በ2004 ከታምፓ ቤይ ጋር ዋንጫውን ወሰደ፣ የሊጉ ኮከብም ተባለ።

ሌላም ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጎበዝ የተባሉትን የካናዳ ሆኪ ተጫዋቾች የልደት ቀን ቢቆጥር፣ በጥርና በየካቲት ግድም የተወለዱት በጣም በዝተው ተገኙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዕድሜ ቆጠራው የሚጀምረው በፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ በመሆኑ በዓመቱ መግቢያ የተወለደ ልጅ በመጨረሻው ከተወለደው በአሥር በአሥራ አንድ ወር ይበልጣል። በልጅነት ደግሞ አሥር ወር ማለት ብዙ ቁመት ነው። አሠልጣኙ ጎበዝ መረጥኩ ብሎ የመረጠው ቀድሞ የተወለደውን ነበር!

«የካናዳው ለካናዳ» እንዳትሉኝ የራሳችንን ላንሣ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ያን መለሎ ኬንያዊ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። «ሩጫ መጋፋት የለበትም» ካላችሁ ደግሞ ኳሱን አስታውሱ። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ሲጫወት በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ። አንድ ሰው ጎድሎን፣ ጎልም ገብቶብን፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ የቡርኪናፋሶ በረኛ በቀይ ወጣ። አንድ ሰው የጎደለባቸው እነሱ አራት ለባዶ ሸኙን! በእነዚያ አራት ቀናት የማናችንም ቁመት አልተለወጠም። የተለወጠው መከራ ሲመጣ ማን ጸና የሚለው ነው።

ስለዚህ ከሁለት ቃጠሎ በኋላ የቀረኝን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ልጅ ስትመርጡ የተወለደበትን ወር ጠይቁ፤ የዛሬ ቁመት የነገ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኳስ ሲነጠቅና ሲመታ በሚቀጥሉት አሥር ሰከንዶች የሚያደርገውን እዩ። ጽናት የሚታየው እዚያ ላይ ነው እንጂ ትከሻ ላይ አይደለም። ሦስተኛ፣ ትንሹን ልጅ ከመረጣችሁት ችሎታው የሚሠራበት ቦታ ስጡት። አለበለዚያ አልመረጣችሁትም፤ አስበላችሁት እንጂ።

«ፍቅሩስ?» ያላችሁኝ እንደሆነ ቃሌን አላጥፍም። «ቁመቱ ስንት ነው?» ብለሽ የምትጀምሪ እህቴ፣ «መልኳ እንዴት ነው?» ብለህ የምትጀምር ወንድሜ፣ አጎቴ ስለ ማረሻውና ስለ ድንጋዩ ያሉትን መልሳችሁ አንብቡት። ሌላ ምክር የለኝም።

ወደ ሁለቱ ልጆች ልመለስ። ባለፈው ልምምድ ሁለቱንም እየተደበቅሁ ተከታተልኳቸው። ትንሹ ሦስት ጊዜ ተገፍትሮ ወደቀ፤ ሦስቴም ተነሣ። ትልቁንም እንደ ድሮው ወጠምሻ ይቀመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ እቴ! በተታለለ ቁጥር ያን ግዙፍ ገላ እየጎተተ ወደ ኋላ ይሮጣል። ለካ ወኔ ትልቅ ገላ ውስጥም ይኖራል! አፈርኩ። የልደታቸውን ወር ስጠይቅ ትልቁ የመስከረም፣ ትንሹ የነሐሴ ልጅ ሆኖ ተገኘ። እልሁ እኩል ከሆነ ክህሎቱ ይቅደም ብዬ ወሰንኩ። ትንሹን መርጫለሁ። ፊት ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ይጫወታል፤ መሮጫ ሜዳ ባለበት።

ከውሳኔው ይልቅ የሚከብደኝ ለትልቁ ልጅ መንገሩ ነው። ያን ማታ ስልኩን ልንዘጋ ስንል አብሮ አደጌን የሃያ ምናምን ዓመት ዕዳዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና «አለመመረጤ አይደለም ያመመኝ፤ ሳታየኝ ዞር ማለትህ ነው» አለኝ።

እንግዲህ እሁድ ጠዋት ያንን ረጅም ልጅ ለብቻው ጠርቼ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ለምን እንዳልመረጥኩት እነግረዋለሁ። ማክሰኞ ማታም ኳሱን ይዞ እንዲመጣ፣ ሁለታችን ብቻ እንድንሠራ እጠይቀዋለሁ። ከመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ማልያ ይኖረኛል።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን!