ካሜራችን ወዴት ይመለከታል?



ለጸሎት ቤት ለቤት ስንዞር ጉለሌ እየተለወጠች መሆኗን እናያለን። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ እስከ ሸጎሌም ድረስ፣ ድሮ የጠርሙስ ስባሪ ይሰካበት በነበረው አጥር ላይ ዛሬ ካሜራ ተሰቅሏል። ከጸሎት በኋላ ሻይ ሲቀርብ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። «ካሜራ ማስገጠም እምነት ማጣት አይሆንም ወይ?» እና «የትኛው ይሻላል?» የሚሉ ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም፤ እርሱም «ካሜራችን ወዴት ይመለከታል?» የሚለው ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቶች ተነሡበት። በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ሁለት ነገር አደረገ፤ ወደ አምላኩ ጸለየ፣ ጠባቂም አቆመ (ነህ. 4፥9)። ጸሎቱ ጥበቃውን አላስቀረም፤ ጥበቃውም ጸሎቱን አልተካም። መዝሙረኛው ደግሞ እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ የጠባቂ ንቃት ከንቱ እንደሆነ ያስተምረናል (መዝ. 127፥1)። ስለዚህ ካሜራ ማስገጠም ኃጢአት አይደለም። በካሜራው ታምኖ ጸሎትን መተው ግን ልብን በተሳሳተ ቦታ ማሳረፍ ነው።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ገንዘባችን የእግዚአብሔር አደራ ነውና ሻጩ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የምንፈልገውን እንወቅ። 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ራቅ ያለ ሰው ፊት ግን ያንስበታል። 6 ሚሊሜትር ሌንስ ጠበብ ያለውን ቦታ አቅርቦ ያሳያል። የግቢን በር ብቻ ለመጠበቅ 4 ሚሊሜትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጥራቱ ከ2 ሜጋፒክሰል ባያንስ መልካም ነው። ከጣሪያ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳየን የሌባውን ኮፍያ ነው፤ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ግን ፊት ይለያል፣ እጅም በቀላሉ አይደርስበትም።

የእኛ ሰፈር በእንጦጦ ሥር ያለ ነውና ክረምቱን እናስብ። በካርቶኑ ላይ አይፒ 66 ወይም አይፒ 67 የሚል ምልክት ካለ ካሜራው አቧራና ከባድ ዝናብ ይችላል ማለት ነው። ጉም ሲወርድ ግን የካሜራው የሌሊት ጨረር በጉሙ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ሥዕሉ ነጭ ይሆናል፤ የሸረሪት ድርም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ በር ላይ አንድ አምፖል ማብራትና ሌንሱን አልፎ አልፎ መጥረግ ከውድ ካሜራ የበለጠ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ ካሜራውም አብሮ ይጠፋልና ለመቅጃውና ለካሜራዎቹ ባትሪ ያስፈልጋል። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን ወደ 21 ጊጋባይት ይይዛል፤ አራት ካሜራዎች 1 ቴራባይት ዲስክን በ11 ወይም በ12 ቀን ይሞሉታል። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በዚያው ቀን እንቀይር። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ሚራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና የኢንተርኔት ሳጥኖችን የያዘው ባለቤቶቻቸው ያንን ቃል ሳይቀይሩ ስለተዉት ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። የጉለሌ መሬት ቁልቁለት ነው። የላይኛው ቤት ደጃፍ ከታችኛው ቤት ጣሪያ ጋር እኩል የሚሆንበት ሰፈር ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ሌባን ለማየት የተሰቀለ ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚያየው የጎረቤትን ጓዳ ነው። ንጉሥ ዳዊትም የወደቀው ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ወደ ሰው ግቢ ሲመለከት እንደነበር አንርሳ (2ሳሙ. 11፥2)።

በአንድ ሰፈር የሆነውን እንናገር። የላይኛው ቤት ሰዎች ሁለት ጊዜ ተሰረቁ፤ መጀመሪያ የጋዝ ሲሊንደር፣ ቀጥሎ የውሃ ፓምፕ። ስለዚህ በቤቱ ማዕዘን ላይ ካሜራ አስገጠሙ። የታችኛው ቤት ሰዎች በሽመና የሚተዳደሩ ናቸው። እናቲቱ ጥጥ የምትፈትለው፣ ልጆቹ የሚታጠቡት በዚያች ጠባብ ግቢ ነው። ካሜራው ከተሰቀለ ጀምሮ ሴቶቹ ወደ ግቢ መውጣት ተዉ፤ በአጥሩ ላይ ሸራ ተወጠረ፤ ሰላምታም ቆመ። ሁለቱም ቤተሰቦች ጌታን የሚያመልኩ ናቸው። ከሽማግሌዎች ጋር ሄደን ስንቀመጥ እናቲቱ እንዲህ አለች፦ «እናንተን የሰረቃችሁ ሌላ፤ ቀንና ሌሊት የምንፈተሸው እኛ።» የላይኛው ቤት አባወራ ማንንም ለማየት አስቦ እንዳልነበረ ተናገረ፤ እውነቱን ነበር። ነገር ግን የእርሱ ሐሳብ ንጹሕ መሆኑ የእርስዋን ግቢ አልሸፈነላትም።

ባለሙያ ተጠርቶ ካሜራው ወደ ራሱ በር ዝቅ ተደረገ፤ ከጎረቤት ግቢ የቀረችው ጥግም በመቅጃው ላይ በጥቁር ተሸፈነች። አብዛኞቹ መቅጃዎች ይህን ማድረግ ይችላሉ። ሥራው ከሩብ ሰዓት በላይ አልወሰደም። እርቁ ግን ወራት ወሰደ። ዛሬ የላይኛው ቤት ሰዎች ክፍለ ሀገር ሲሄዱ ቁልፋቸውን የሚተዉት ለታችኛው ቤት እናት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ አይደል?

ነህምያ ቅጥሩ ካለቀ በኋላ ጠባቂዎችን ሲመድብ፣ ሰው በየራሱ ቤት ፊት ለፊት እንዲቆም አዘዘ (ነህ. 7፥3)። ይህ ለእኛም መልካም መለኪያ ነው። ካሜራችን የራሳችንን በር፣ የራሳችንን ግቢ ይመልከት። ከመስቀላችን በፊት ጎረቤታችንን ጠርተን «እዚህ ልሰቅል ነው፤ ና፣ በስልኬ ላይ የሚታየውን እይ» እንበለው። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ይሁን እንጂ ጎረቤትን እንደ ራስ መውደድ ሕግ እስኪያስገድደን የምንጠብቀው ጉዳይ አይደለም።

በግቢያችን ያሉትንም እናስብ። የቤት ሠራተኛችንና በሰርቪስ ቤት ያሉ ተከራዮቻችን ካሜራ መኖሩን፣ የት የት እንዳለ ሊያውቁ ይገባል። ወደ መኝታቸው፣ ወደ መታጠቢያና ወደ መጸዳጃ በር ፈጽሞ አይዙር። አጋር የሰው ቤት አገልጋይ ነበረች። ተጨንቃ ወደ ምድረ በዳ በሸሸች ጊዜ እግዚአብሔር አገኛት፤ እርስዋም የሚያየኝ አምላክ ብላ ጠራችው (ዘፍ. 16፥13)። እግዚአብሔር ያያት ሊይዛት ሳይሆን ሊያኖራት ነው። እኛስ በቤታችን የምታገለግለውን እህት የምናያት በየትኛው ዓይን ነው? ደመወዟ መዘግየቱን፣ መታመሟን ሳናይ እጇን ብቻ የምናይ ከሆነ ጉድለቱ የካሜራው አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ካሜራው የሰውን ጥፋት ቢይዝ ምስሉን በቲክቶክና በቴሌግራም አንልቀቅ። ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ እንስጥ። የወንድም በደል ከሆነ ጌታ ኢየሱስ ያዘዘን ብቻውን ሄደን እንድንነግረው ነው (ማቴ. 18፥15)። በምስል የተጠረጠረ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የተበተነውን ማን ይሰበስበዋል?

መቅጃው ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ በአዲሱ ይተካል። እኛ ግን ጎረቤታችን ከዓመታት በፊት የተናገረንን ቃል በቀኑና በሰዓቱ እንዳስቀመጥነው ነን። ፍቅር በደልን እንደማይቆጥር ሐዋርያው ጽፎልናል (1ቆሮ. 13፥5)። በዚህ ሳምንት ካሜራ ያለን ሁላችን ስልካችንን ከፍተን የሚታየውን ደግመን እንመልከት፤ የማንን ደጅ እንደያዘም እንመርምር። ካሜራ የሌለን ደግሞ ልባችን የማንን ጥፋት ሲቀዳ እንደኖረ እንጠይቀው።

ጌታ ሆይ፣ አንተ የማታንቀላፋ ጠባቂያችን ነህ። በራችንን ጠብቅልን፤ ዓይናችንንም ከጎረቤታችን ጓዳ መልሰህ ወደ ጎረቤታችን ችግር አዙርልን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።