በገና በቤተ መዘክርና በቤታችን

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፥ ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. በተመረቀበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ይገኛል። ደረጃውን ወጥቶ ከዜማ መሣሪያዎቹ መካከል በገናን የተመለከተ መንገደኛ፥ እንጨት፥ ቆዳና አንጀት በአንድ አካል ተስማምተው ያያል። ዐሥሩ አውታሮች በልማድ ከበግ አንጀት የሚፈተሉ ናቸው፤ ገበቴውም በቆዳ ይለበጣል። ሦስቱም እርጥበትና ሙቀት ይፈራረቅባቸዋልና፥ አንዱ ሲጎዳ ዜማው ሁሉ ይታወካል።

ስለዚህ፥ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ በቤታችሁ ያለውን በገና በውሃ፥ በሳሙናም ሆነ በጋዝ አትጠቡት፤ ውሃ የጠጣ ቆዳ ይላላል፥ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ደርዳሪውም አስቀድሞ እጁን ታጥቦ ያድርቅ፤ ቅባት አውታርን ያበላሻልና። ከምድጃ፥ ከፀሐይና ከእርጥብ ግድግዳ አርቃችሁ፥ በጨርቅ ሸፍናችሁ ስቀሉት። ዐቢይ ጾም አልፎ የሚያርፍ ከሆነ፥ አውታሮቹን ጥቂት ማላላት በርኩማውንና ቆዳውን ከጭነት ያሳርፋል፤ ፈጽሞ መፍታት ግን አይገባም። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገቡትን ትናንሽ ቆዳዎች፥ እንዚራዎቹን፥ አትጣሉ፤ ያ የሚያስተጋባው ድምፅ ከእነርሱ ነውና። ቆዳው ቢቀደድ ሙጫ ከመለጠፋችሁ በፊት ሠሪውን ጠይቁ።

ቤተ መዘክሩ የበገናን መልክ ለትውልድ ያቆያል፤ ድምፁን ለልጅ የማውረሱ ዕዳ ግን የየቤታችን ነው።