ገደብ መግባትና መውጣት

ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከዲላ ተነሥቶ፣ ወናጎን፣ ይርጋ ጨፌንና የኮቸሬን አገር አልፎ ገደብ ለመግባት የሚሻ መንገደኛ አውቶቡስ ባጣ ጊዜ ተስፋው የጭነት መኪና ነው። በመንገድ ዳር ቆመን እጃችንን የምናነሣው ለሾፌሩ ነው፤ መኪናውን ወደ እኛ የሚያመጣው ግን ቡና ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ ቡና በሚለቀምበት ወራት ባዶው መኪና ወደ ገደብ ይመጣል፤ ጆንያ የጫነውም ወደ ዲላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ተማሪውም ነጋዴውም፣ ዕድል ቢቀናው በጋቢና፣ ባይቀናው አደጋውን ችሎ በጆንያው ላይ ይሳፈራል። አንዱ ሾፌር የሻይ ይቀበላል፤ ሌላው ምርቃት ይበቃዋል።

ለቀማው ካበቃ በኋላ ግን መኪናው ይሳሳል። ሕመምና ምጥ ደግሞ የቡናን ወራት አይጠብቁም።

በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ እጅግ ብዙ ሰዎች ገደብ በገቡ ጊዜ፣ እኛ በመንገድ ዳር የምንጠይቀው «ቦታ አለ ወይ?» የሚለው ቃል በየቤቱ ደጃፍ ተጠየቀ፤ ብዙው ቤተሰብም ተጠጋግቶ እንግዳውን አስጠጋ። እንዲህ ያለው ደግነት የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ወላድን ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳት የአላፊ አግዳሚ ቸርነት ብቻ ሊሆን አይገባም። በክረምትም በበጋም የማይቋረጥ መጓጓዣ እንዲኖር መድከም የሹሙም የነጋዴውም የእኛም ግዴታ ነው።