ለእናቶች የመከርኩት ሩዝ

ሜሪላንድ ውስጥ በነርስነት ስሠራ የሐበሻ እናቶች ልጃቸው ስድስት ወር ሲሞላው ምን እንደሚያስጀምሩት ይጠይቁኝ ነበር። መልሴ አንድ ነበር፤ የታሸገ የሩዝ ዱቄት። ብረት ተጨምሮበታል፣ ለሆድ ይስማማል እል ነበር። ሐኪሞቹም ይህንኑ ይሉ ስለነበር እስከዚህ ድረስ ራሴን ብዙም አልወቅስም።

አንዲት አያት ግን ከአገር ቤት የመጣ የአጥሚት ዱቄት በፌስታል ቋጥረው መጡ። «ልጄ፣ የገብስና የአጃ ነው፤ ልጆቼን ሁሉ ያሳደግኩት በዚሁ ነው» አሉኝ። ፈትቼ እንኳ አላየሁትም። «እማማ፣ እሱ ይቅርብዎት» ብዬ የሩዙን ካርቶን አስጨበጥኳቸው። ጋውን የለበሰ ሰው ተናግሮ ማን ይከራከራል?

እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሕፃናት የሩዝ ዱቄት ኢንኦርጋኒክ አርሴኒክ ለተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር የጣሪያ ሐሳብ አቀረበ፤ በኪሎ 100 ማይክሮግራም። በ2014 ከየሱቁ ከተወሰዱት ናሙናዎች ውስጥ ከዚህ ጣሪያ ያላለፉት 47 በመቶው ብቻ ነበሩ። ሩዝ የሌለባቸው የሕፃናት ምግቦች ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ተገኘባቸው። የሕፃናት ሐኪሞችም አጃና ገብስ እያፈራረቁ መስጠትን መከሩ። የእማማ ፌስታል ውስጥ የነበረው ማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከማሳው ነው። ሩዝ ውኃ በተኛበት መሬት ይበቅላል፤ አየር ያጣ አፈር ደግሞ ይዞት የቆየውን አርሴኒክ ይለቃል፤ ሥሩም ሲሊኮን በሚስብበት መንገድ ይስበዋል። ኢንኦርጋኒኩ አርሴኒክ ለዓመታት ሲወሰድ ለቆዳ፣ ለፊኛና ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል፤ የሕፃን አእምሮ እድገትንም ሊጎዳ ይችላል። ሕፃን ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ የሚበላው ሩዝ የአዋቂን ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

የሚቆጨኝ ይህን ካወቅኩ በኋላ ያደረግኩት ነው። ምክሬን በዝምታ ቀየርኩ። ለአዲሶቹ እናቶች አጃ እያልኩ፣ የቀድሞዎቹን ስልካቸው እያለኝ አልደወልኩላቸውም። አፍሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንዷን ግሮሰሪ ውስጥ አገኘኋት፤ ሁለተኛ ልጇን አዝላ ያንኑ የሩዝ ካርቶን ይዛለች። «አንቺ ካልሽኝ ወዲህ ሌላ ገዝቼ አላውቅም» አለችኝ። እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ካርቶኑን መለሰችና «ለትልቁስ ያኔ ምነው ዝም አልሽኝ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ልጆቹ ደኅና ናቸው፤ እሱ ግን የኔን ዝምታ ትክክል አያደርገውም።

ሩዝ መርዝ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ለቤተሰብ ስትቀቅሉ ለአንድ ስኒ ሩዝ ከስድስት እስከ አሥር ስኒ ውኃ አድርጉና ውኃውን ድፉት፤ ከአርሴኒኩ ከ40 እስከ 60 በመቶው አብሮ ይወጣል፤ የተጨመረበት ቪታሚንም እንደሚቀንስ እወቁ። ለሕፃኑ ብረት የተጨመረበት አጃ ወይም ገብስ አፈራርቁለት። ከኔ ምክር የተቀበላችሁ እናቶች ይህን ካነበባችሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ፤ ለምታውቋቸውም ንገሩልኝ።